የተማሪ ብዕር

አንደኛ አቅራቢ፦ እኅቴ ሆይ፣ ወጣት ተልእኮውን በምን ያገኘዋል ተብሎ ሲጠየቅ፣ በ2017 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ፣ በካንሳስ ግዛት፣ በፒትስበርግ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት «ቡስተር ሪደክስ» የተባለውን ጋዜጣ ያዘጋጁ የነበሩት ልጆች ትዝ ይሉኛል፤ አዲስ የተቀጠሩትን ርእሰ መምህርት ለአንባቢ ሊያስተዋውቁ ተነሥተው፣ ለርእሰ መምህርቷ ከፍተኛ ዲግሪዎችን ሰጠ የተባለው ኮርሊንስ ዩኒቨርሲቲ ዕውቅና የሌለው መሆኑን ደረሱበት።

ሁለተኛ አቅራቢ፦ እኔን ግን፣ ወንድሜ፣ ከግኝቱ ይልቅ ትጋታቸው ያስደንቀኛል። የዩኒቨርሲቲውን ድረ ገጽ ቢፈልጉ የማይሠራ ሆኖ ሲያገኙት፣ ነገሩን ለሐሜት ሳያውሉ ሰነድ ከሰነድ አመሳከሩ፣ ርእሰ መምህርቷን ራሳቸውን በስልክ ጠየቁ፤ የጋዜጣው መምህርት በቅጥሩ ኮሚቴ ውስጥ ስለ ነበሩ ከጉዳዩ ራሳቸውን ቢያገልሉም፣ ልጆቹ ከውጭ ባለሙያዎች ምክር እየለመኑ ሥራቸውን ፈጸሙ። ጽሑፉ በወጣ በጥቂት ቀን ርእሰ መምህርቷ ሥራቸውን ለቀቁ።

አንደኛ አቅራቢ፦ ሕጉም ረድቷቸዋል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1988 እ.ኤ.አ. በሄዝልዉድ ጉዳይ ለትምህርት ቤት አስተዳዳሪዎች የተማሪ ጋዜጣን የመቈጣጠር ሰፊ ሥልጣን ከሰጠ በኋላ፣ ካንሳስ በ1992 እ.ኤ.አ. የተማሪን ጽሑፍ የሚጠብቅ ሕግ አወጣች።

ሁለተኛ አቅራቢ፦ ወደ አገራችን ስመለስ፣ በእኛ ትምህርት ቤቶች ሚኒ ሚዲያ በሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓትና በዕረፍት ሰዓት ሲናገር እሰማለሁ፤ ግጥሙና ማስታወቂያው መልካም ነው፣ ሆኖም ማይክሮፎኑን የጨበጠችው ልጅ ቤተ ሙከራው ስለ ምን እንደ ተቈለፈ ዳይሬክተሩን በትሕትና ጠይቃ መልሱን ለጓደኞቿ ብታሰማ፣ እኔ በበኩሌ ከማንኛውም ሽልማት አብልጬ እመኝላታለሁ።