የአንድ ወጣት ተመራማሪ ሥራና የፀሐይ ሴል
(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)




ብርሃን በቀጥታ ወደ ኤሌክትሪክ ሊለወጥ እንደሚችል በሙከራ ያሳየው ኤድሞን ቤክሬል፣ በ1839 በፓሪስ ከተማ በአባቱ የምርምር ክፍል ሲሠራ ገና የ19 ዓመት ወጣት ነበር። በዚያው ዓመት ጀርመናዊው የማዕድን ሊቅ ጉስታፍ ሮዘ ከኡራል ተራሮች የተገኘ አንድ ማዕድን መርምሮ፣ በሩሲያዊው ሌቭ ፔሮቭስኪ ስም ፔሮቭስካይት ብሎ ሰየመው። የቤክሬል ግኝትና የማዕድኑ ስም በአንድ የሥራ ጠረጴዛ ላይ ተገናኝተው ለፀሐይ ሴል አዲስ በር የከፈቱት ግን ከ160 ዓመታት በላይ ካለፉ በኋላ ነው። ያገናኛቸውም አኪሂሮ ኮጂማ የተባለ ጃፓናዊ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ነበር። (በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የኮጂማ ሥራ ምን እንደሆነ ለመረዳት አስቀድሞ የፀሐይ ሴልን ጠባይ ማስታወስ ያሻል። ብርሃን ከፊል አስተላላፊ በሆነ ቁስ ላይ ሲያርፍ ኤሌክትሮኖችን ከቦታቸው ያነሣል። የሴሉ ተግባር እነዚህ ኤሌክትሮኖች ወደ ነበሩበት ከመመለሳቸው በፊት በውጭ ሽቦ እንዲያልፉ ማድረግ ነው። በ1954 በአሜሪካ የቤል ላቦራቶሪ ተመራማሪዎች የሆኑት ቻፒን፣ ፉለርና ፒርሰን፣ ካረፈበት ብርሃን 6 ከመቶ ያህሉን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ የሲሊከን ሴል ለሕዝብ አሳዩ። ሲሊከን በአሸዋ ውስጥ የተትረፈረፈ ንጥረ ነገር ቢሆንም፣ 1414 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ካልደረሰ አይቀልጥም፤ ከባዕድ ነገርም እጅግ መጥራት ይኖርበታል። ስለሆነም ሥራው ትልቅ ምድጃና ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል። በ1991 ብራያን ኦሬጋንና ሚካኤል ግሬትሰል በስዊዘርላንድ ቀለል ያለ መንገድ አመለከቱ። የቲታንየም ዳይኦክሳይድ ደቃቅ ቅንጣቶችን በቀለም ሞለኪውሎች ሸፍነው ከፈሳሽ ኤሌክትሮላይት ጋር ሲያገናኙ፣ ቀለሙ ብርሃኑን ተቀብሎ ኤሌክትሮኖቹን ለቅንጣቶቹ የሚያስረክብ ሴል ተገኘ።

ኮጂማ ወደ ምርምሩ የገባው በዚህ በር ነው። በ2000ዎቹ አጋማሽ በዮኮሐማ ቶይን ዩኒቨርሲቲ፣ የፕሮፌሰር ጹቶሙ ሚያሳካ የምርምር ክፍል በቀለም ሴሎች ላይ ይሠራ ነበር። ኮጂማ ወደዚያ ሲመጣ ይዞት የመጣው ሐሳብ፣ በቀለሙ ፋንታ የፔሮቭስካይት ክሪስታል ይሞከር የሚል ነበር። ይህ ቁስ ከእርሳስ፣ ከአዮዲን ወይም ከብሮሚን፣ እንዲሁም ሜቲልአሞንየም ከተባለ ትንሽ ኦርጋኒክ ሞለኪውል የተሠራ ነው። ከኡራሉ ማዕድን ጋር በስም የሚጋራው በንጥረ ነገሮቹ ሳይሆን በአተሞቹ አደራደር ስለሚመስለው ነው። ቁሱ በ1978 በጀርመናዊው ዲተር ቬበር ተሠርቶ የታወቀ ነበር። ፕሮፌሰር ሚያሳካ ብዙ ዘመን በፎቶግራፍ ፊልም ኩባንያ የሠሩ ሰው ነበሩና ይህ ቁስ የቆየ ሙያቸው አልነበረም፤ ይሁን እንጂ የተማሪውን ሐሳብ ከበር አልመለሱትም።

የዚህ ዓይነት ተመራማሪ የዕለት ሥራ ከሩቅ ሲታይ የሚያስደንቅ አይደለም። ጨዎቹን በፈሳሽ ያሟሟል፤ ጥቂት ጠብታ በፍጥነት በሚሽከረከር መስታወት ላይ ያፈሳል፤ ስስ ሆኖ የተነጠፈውን ሽፋን ያሞቃል፤ ከዚያም የፀሐይን ብርሃን በሚመስል መብራት ሥር አድርጎ ይለካል። ከብዙዎቹ ሴሎች መካከል ደኅና ውጤት የሚሰጡት ጥቂቶች ናቸው። በ2006 የእነ ኮጂማ ሴል የደረሰበት 2.2 ከመቶ ነበር። በ2009፣ በዚያን ጊዜ በቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ተማሪ የነበረው ኮጂማ፣ ከቴሺማ፣ ከሺራይና ከሚያሳካ ጋር ሆኖ በአሜሪካ የኬሚስትሪ ማኅበር መጽሔት ያሳተመው ጽሑፍ 3.8 ከመቶ አስመዘገበ።

ቁጥሩ ትንሽ ነበር። በዚያን ጊዜ የቀለም ሴሎች ከ10 ከመቶ አልፈው፣ የላቦራቶሪ የሲሊከን ሴሎችም ወደ 25 ከመቶ ተጠግተው ነበር። ከዚህም በላይ ፈሳሹ ኤሌክትሮላይት ክሪስታሉን ስለሚያሟሟው ሴሉ ብዙ ሳይቆይ ይበላሽ ነበር። በዚህ ምክንያት ጽሑፉ ለጥቂት ዓመታት ብዙ ተከታይ አላገኘም። ሆኖም በዚያው ጽሑፍ ውስጥ ሌላ ቁጥር ነበረ፤ በብሮሚን የተሠራው ሴል 0.96 ቮልት ሰጥቶ ነበር። ይህን ያህል ቮልቴጅ ከአንድ ሴል መገኘቱ፣ ብርሃኑ ያነሣቸው ኤሌክትሮኖች ጉልበታቸውን በከንቱ እንደማያጠፉ ያመለክታል። ለሚያስተውል አንባቢ የቁሱ ተስፋ እዚያ ላይ ተጽፎለት ነበር።

ምልክቱን ያነበቡ አልጠፉም። በደቡብ ኮሪያ የናም ጊዩ ፓርክ ቡድን በ2011 ውጤቱን ወደ 6.5 ከመቶ አደረሰ። በ2012 ደግሞ ከግሬትሰል ጋር ሆኖ ፈሳሹን በጠጣር ቁስ ተክቶ፣ 9.7 ከመቶ የሚሰጥና ለ500 ሰዓታት የቆየ ሴል አስታወቀ። በዚያው ዓመት በኦክስፎርድ በሄንሪ ስኔት ሥር የዶክትሬት ተማሪ የነበረው ማይክል ሊ፣ ከሚያሳካ ቡድን ጋር በመተባበር 10.9 ከመቶ አገኘ። የሊ ሙከራ ካስገኛቸው ትምህርቶች ዋናው፣ ቲታንየም ዳይኦክሳይድ ኤሌክትሪክ በማያስተላልፍ አሉሚና ቢተካም ሴሉ በሚገባ መሥራቱ ነው። በዚህም ፔሮቭስካይቱ ብርሃን ከመቀበል አልፎ ኤሌክትሮኖችን ራሱ እንደሚያጓጉዝ ታወቀ። በ2020ዎቹ መጀመሪያ የዚህ ቁስ ሴሎች ከ25 ከመቶ አለፉ፤ በ2023ም በሲሊከን ላይ ተደርበው የተሠሩት ከ33 ከመቶ በላይ ሰጡ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለው የአበው ቃል እዚህ ላይ በቁጥር ተረጋግጧል።

ይህ ሲባል ግን ሥራው ተጠናቋል ማለት አይደለም። ቁሱ እርጥበትንና ሙቀትን በቀላሉ አይችልም፤ የሲሊከን ሰሌዳ ግን 25 ዓመት እንዲያገለግል ዋስትና ይሰጠዋል። በውስጡ ያለው እርሳስም በውሃ ሊታጠብ የሚችል መርዝ በመሆኑ፣ ሳይፈስ የሚያዝበትና ካገለገለ በኋላ የሚሰበሰብበት ዘዴ ያስፈልገዋል። እነዚህ ጥያቄዎች መልስ ሰጪ ይጠብቃሉ።

ጥያቄዎቹ የሩቅ አገር ጥያቄዎች ብቻ አይደሉም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪና የፊዚክስ ተመራማሪዎች ከስዊድን ዩኒቨርሲቲዎች ጋር በመተባበር፣ ከፈሳሽ ተነጥፈው የሚሠሩ የፖሊመር የፀሐይ ሴሎችን ሲመረምሩ ቆይተዋል። በፈሳሽ የሚዘጋጅና በመጠነኛ ሙቀት የሚደርቅ ቁስ፣ ትልቅ ምድጃ ለሌለው የምርምር ክፍል በሩን አይዘጋም። የሚዘጋበት ሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም የወጣቱ ሐሳብ ገና ሳይሞከር የሚናቅ እንደሆነ፣ ትንሽ ውጤቱም ከነጉድለቱ የሚታተምበት ስፍራ የታጣ እንደሆነ ነው።

የኮጂማ ሥራ ለፍሬ የበቃው ሐሳቡን ያልከለከለ መምህር፣ 3.8 ከመቶን ያላቃለለ መጽሔት፣ ደካማውን ሴል ተቀብሎ ያጠነከረ ባልንጀራ ስላገኘ ነው። እንዲህ ያለውን መምህር፣ መጽሔትና ባልንጀራ ለወጣቱ ማዘጋጀት የአንድ የሙያ ማኅበር ግንባር ቀደም ተግባር ሊሆን ይገባል።