ኮሎኔል ፎሴት ያላያት ከተማ

(በትምህርት ቤቱ ክብረ በዓል ቀን በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተነገረ)



ዛሬ ልንነግራችሁ ያሰብነው የጠፋች ከተማ ሲፈልግ በብራዚል ጫካ ገብቶ ስለ ቀረው እንግሊዛዊ፥ ስለ ኮሎኔል ፐርሲ ፎሴት ነው። የምንጠራቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፎሴት ሥራ ፈት ጀብደኛ አልነበረም። ከ1906 ዓ.ም. ጀምሮ የቦሊቪያን ወሰን የቀየሰ መኮንን ነበረ። ዳሩ ግን በሪዮ ዴ ጃኔሮ ቤተ መጻሕፍት የሚገኝ፥ ስለ አንዲት የፈረሰች የድንጋይ ከተማ የሚያወራ አሮጌ ጽሑፍ ልቡን ወሰደው። እርሱም የሚፈልጋትን ከተማ «ዜድ» ብሎ ሰየማት። የሠሯትም ከሩቅ የመጡ ጥንታውያን እንጂ የዚያ ጫካ ሰዎች አያቶች ናቸው ብሎ አላመነም።

በ1925 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር ከኩያባ ከተማ ተነሣ። ከረዳቶቹ በቀር የተከተሉት ልጁ ጃክና የጃክ ጓደኛ ራሌይ ሪመል ብቻ ነበሩ። እኛን ከሁሉ ይልቅ ያሳዘነን ይህ ነው፤ ጃክ ያን ጊዜ ገና 22 ዓመቱ ነበርና ከእኛ ብዙ አይርቅም። ግንቦት 29 ቀን ፎሴት «የሞተው ፈረስ ሰፈር» ከሚባለው ስፍራ ለሚስቱ ለኒና ደብዳቤ ጽፎ፥ እንዳትሠጋ አጽናንቶ፥ ረዳቶቹን ደብዳቤውን አስይዞ መለሳቸው። ከዚያ ወዲህ ድምፁ አልተሰማም። ኒና እስከ ሞተችበት እስከ 1954 ዓ.ም. ድረስ ተስፋ አልቈረጠችም ይባላል።

ልጅን ወደዚያ ይዞ መሄድ ድፍረት ነው ወይስ ጭካኔ? በመካከላችን ተከራከርንበት፤ አልተስማማንም።

ብጠፋ ማንም አይፈልገኝ ብሎ ነበር፤ የሰማው ግን የለም። በ1928 ዓ.ም. ጆርጅ ዳዮት ፈልጎ ያለ ማስረጃ ተመለሰ። በ1932 ዓ.ም. ስዊሳዊው ስቴፋን ራቲን ሊፈልገው ገብቶ ራሱም ቀረ። በ1951 ዓ.ም. የፎሴት ነው ተብሎ የወጣው አጥንትም ሲመረመር የእርሱ ሆኖ አልተገኘም።

የካላፓሎ ነገድ ሰዎች ግን ከአባቶቻቸው የሰሙትን ይተርካሉ። ሦስቱ ነጮች በመንደራቸው አደሩ፤ ወደ ምሥራቅ አትሂዱ ቢባሉ እምቢ አሉ፤ የእሳታቸው ጢስ ለጥቂት ቀናት ከሩቅ ታየ፤ ከዚያም ጠፋ።

አሁን ወደሚያስደንቀው እንድረስ። በዚያው በላይኛው ሺንጉ ወንዝ አገር፥ ማይክል ሄከንበርገር የተባለ አሜሪካዊ የጥንት ቅርስ ተመራማሪ፥ ከኩይኩሮ ነገድ ሰዎች ጋር እየተዘዋወረ ብዙ የጥንት ሰፈሮችን አገኘ። ሰፊ አደባባይ፥ ቀጥ ብሎ ሰፈርን ከሰፈር የሚያገናኝ መንገድ፥ እስከ 5 ሜትር የሚጠልቅ የመከላከያ ቦይ ነበራቸው። የድንጋይ ግንብ ግን የላቸውም፤ የተሠሩት ከአፈርና ከእንጨት ነውና። ከአውሮፓውያን ጋር የመጣው በሽታ ሕዝቡን ሲፈጀው እንጨቱ በሰበሰ፥ ጫካውም ቦዩን ሸፈነው። የቀሩት ልጆቻቸው እነዚያው ኩይኩሮዎች ናቸው።

ምርመራው በ2003 ዓ.ም. «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ሲታተም፥ ከጸሐፊዎቹ መካከል ሁለቱ ኩይኩሮዎች ነበሩ፤ አንዱም አለቃቸው አፉካካ ነው።