ከማስተባበያው በፊት



የሕዝብ ግንኙነት ሙያ አንድ ተቋም ከሚያገለግለው ሕዝብ ጋር ያለውን መተማመን የመገንባትና የመጠበቅ ሥራ ሲሆን፣ በዚህ ዘመን ይህን መተማመን እንደ ሐሰተኛ መረጃ በፍጥነት የሚያናጋው ነገር የለም። የዘርፉ ምሁራን እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን ለይተው ያያሉ፤ አንደኛው አስተላላፊው እውነት መስሎት የሚያጋራው የተሳሳተ መረጃ ሲሆን፣ ሁለተኛው ሐሰትነቱ እየታወቀ ለጥቅም ወይም ለጉዳት የሚፈበረከው ነው። ፈብራኪውን በተመለከተ በአገራችን የሐሰተኛ መረጃ ሥርጭትን የሚመለከተውን አዋጅ ቁጥር 1185/2012ን የመሰለ ሕግ ወጥቷል፤ በልጃቸው ፈተና ተጨንቀው የደረሳቸውን የቴሌግራም መልእክት ለዘመድ ያስተላለፉ እናት ግን የሚያስፈልጋቸው ትክክለኛ መረጃና በአክብሮት የሚነገር ቃል እንጂ ማስፈራሪያ አይደለም።

ሐሰተኛ መረጃን ለመመከት ማስረጃ ከመግለጫ ይልቅ ምን ያህል ጉልበት እንዳለው ከሚያሳዩት ጉዳዮች አንዱ እ.ኤ.አ. በጁን 1993 በአሜሪካ የፔፕሲ ኩባንያን የገጠመው ነው። በዋሽንግተን ግዛት የሚኖሩ ባልና ሚስት በዳይት ፔፕሲ ጣሳ ውስጥ የመርፌ ስሪንጅ አገኘን ካሉ በኋላ፣ ተመሳሳይ አቤቱታ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከ20 በላይ ከሚሆኑ ግዛቶች ጎረፈ። ኩባንያው ምርቱን ከገበያ ከመሰብሰብ ይልቅ የፋብሪካውን ውስጥ በቪዲዮ ቀርጾ ለቴሌቪዥን ጣቢያዎች አደለ፤ ተመልካቹም ባዶዎቹ ጣሳዎች ተገልብጠው ሲጸዱ፣ ከዚያ ቀና ብለው በከፍተኛ ፍጥነት ሲሞሉና ሲታሸጉ፣ አፋቸው ክፍት ሆኖ የሚቆዩትም ከአንድ ሰከንድ ላነሰ ጊዜ መሆኑን በዓይኑ አየ። ቆይቶም በኮሎራዶ አንድ ሱቅ ውስጥ አንዲት ሴት በከፈተችው ጣሳ ውስጥ ስሪንጅ ስትጨምር የሚያሳይ የካሜራ ምስል ወጣ፤ የአገሪቱ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንም በመላ አገሪቱ የተቀነባበረ ብክለት ስለመኖሩ ማስረጃ እንዳልተገኘ አስታወቀ፤ ሐሰተኛ አቤቱታ ያቀረቡ ሰዎችም ለሕግ ቀረቡ። ሊጤን የሚገባው ኩባንያው ካሜራውን ያለ ሥጋት ለማስገባት ያስቻለው ነገር ነው፤ የማምረቻው መስመር ለዕይታ የሚበቃ ባይሆን ኖሮ የትኛውም ያማረ ጽሑፍ አያድነውም ነበር።

ሁልጊዜ ግን የሚታይ ማስረጃ በእጅ አይገኝም። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ የበረራ ቁጥር 302 ከቦሌ በተነሣ በ6 ደቂቃ ውስጥ ተከስክሶ 157 ሰዎች ሲያልቁ፣ የአደጋው መንስኤ በማይታወቅበት በዚያ የሐዘን ሰዓት ጥፋቱን በአብራሪዎቹ ልምድና ሥልጠና ላይ የሚጥል ግምት በውጭ አገር መገናኛ ብዙኃን መናፈስ ጀመረ። አየር መንገዱ ስለ ተሳፋሪዎችና ስለ ሠራተኞች የሚያውቀውን በዕለቱ አሳውቆ፣ ተመሳሳይ ሞዴል ያላቸውን አውሮፕላኖቹን ከበረራ አገደ፤ የመረጃ መቅጃ ሣጥኖቹም ወደ ፈረንሳይ የምርመራ ተቋም ተላኩ። መጋቢት 26 ቀን ይፋ የሆነው የመጀመሪያ ደረጃ ሪፖርት አብራሪዎቹ አምራቹ ያወጣውን የአሠራር ሥርዓት ደጋግመው መከተላቸውን ሲገልጽ፣ አምራቹ ቦይንግም የአውሮፕላኑን አፍንጫ ወደ ታች የሚደፍቀው ራስ-ሰር ሥርዓት በተሳሳተ የሴንሰር መረጃ ተነሣሥቶ እንደነበር በዚያው ዕለት አመነ። ከዚያ በኋላም ቢሆን ጥፋቱን ወደ አብራሪዎቹ የሚገፉ ድምፆች ከአሜሪካ ምክር ቤት አባላት ሳይቀር መሰማታቸው፣ ቀድሞ የተነዛ ግምት ማስረጃ ቀርቦበትም ቶሎ እንደማይነቀል ያሳያል።

የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ለዚህ ማብራሪያ አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1977 በታተመ የአሜሪካ ጥናት ሰዎች ደጋግመው የሰሙትን ዓረፍተ ነገር፣ እውነትም ይሁን ሐሰት፣ ይበልጥ ወደ ማመን እንደሚያዘነብሉ ታይቷል፤ ይህም በመደጋገም የሚፈጠር የእውነት ስሜት ሊባል ይችላል። በመሥሪያ ቤቶች የፌስቡክ ገጾች ላይ የተለመደው፣ ሐሰተኛውን ደብዳቤ ከነማኅተሙ ለጥፎ በላዩ ላይ በቀይ ቀለም «ሐሰት» ብሎ የመጻፍ ልማድ እንደገና መታየት ያለበት ለዚህ ነው፤ ምስሉን በጨረፍታ ያየ ሰው አእምሮ ውስጥ የሚቀረው ቀዩ ጽሑፍ ሳይሆን የደብዳቤው ይዘት ሊሆን ይችላል። ለምሳሌ ሐሰተኛው ደብዳቤ ስለ ፈተና ቀን ከሆነ፣ ፈተናው የሚሰጥበትን ትክክለኛ ቀን በርእስነት አስቀድሞ፣ ሐሰቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ነካ አድርጎ፣ በእውነቱ መዝጋት የተሻለ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ግን በተቋሙ ውስጥ የሚደረገው ትግል ነው። የሥራ ኃላፊው «ዝም እንበል፣ ይረሳል» ሲል፣ ወይም ነገሩ ሳይጣራ «በአስቸኳይ አስተባብሉ» ብሎ ሲያዝዝ፣ ባለሙያው ሁለቱንም የመሞገት የሙያ ግዴታ አለበት። ወሬ ሁሉ ሐሰት አይደለምና፦ በግንቦት 2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ወጥቷል ተብሎ በማኅበራዊ ሚዲያ የተሠራጨው እውነት ሆኖ ተገኝቶ ትምህርት ሚኒስቴር ፈተናውን ሰርዟል። ያልተጣራ ማስተባበያ ራሱ ሐሰተኛ መረጃ ነው፤ እንዲያውም በተቋም ማኅተም የወጣ በመሆኑ ከመንገድ ወሬ የባሰ ጉዳት ያደርሳል፤ ተቋሙ በቀጣዩ ጊዜ እውነት ሲናገር የሚያምነው የለምና። ዝምታም ቢሆን አይበጅም፤ የታወቀውን ተናግሮ፣ ገና በመጣራት ላይ ያለውን ለይቶ፣ ቀጣዩ መግለጫ የሚሰጥበትን ሰዓት ማሳወቅና ሰዓቱን ማክበር ግን ይቻላል።

ስለዚህ የዛሬዎቹ የሕዝብ ግንኙነት ተመራቂዎች በሚመደቡበት መሥሪያ ቤት ከካሜራውና ከማኅበራዊ ገጹ የይለፍ ቃል በፊት የመዝገብ ቤቱን፣ የሕግ ክፍሉን፣ የሒሳብ ክፍሉንና በየቅርንጫፉ እውነቱን በእጃቸው የያዙትን ሠራተኞች ይወቁ፤ ስልካቸውን ይያዙ፤ ወሬ ሳይነሣ በሰላሙ ጊዜ ይጠይቋቸው፤ ያልተጣራ ጽሑፍ እንዲያወጡ ሲታዘዙም በትሕትና፣ ነገር ግን በጽሑፍ፣ «ገና አልተጣራም» ብለው ይመልሱ።