ጀርም ሐኪም ሊሆን ይችላልን?
(ለተማሪዎች ጉባዔ የተደረገ ንግግር)



ስለ ባክቴሪያ ሲነሣ ሁላችን የምናስበው ተስቦን ነው። ዳሩ ግን ወተታችንን እርጎ የሚያደርገውም እርሱ ነው። ዛሬ የምንነጋገረው ካንሰርን ለማከም ይረዳ እንደ ሆነ ነው።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በ1891 (እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር) የኒውዮርኩ ቀዶ ሐኪም ዊልያም ኮሊ፥ የቆዳ ኢንፌክሽን የያዘው አንድ በሽተኛ ዕጢው እንደ ጠፋለት ተረድቶ፥ የካንሰር ሕሙማንን ባክቴሪያ መውጋት ጀመረ። የዳኑ አሉ፤ ኢንፌክሽኑ የገደላቸውም አሉ። በ1976 ደግሞ ቢሲጂ ለፊኛ ካንሰር እንደሚጠቅም በካናዳ ተገለጸ፤ እስከ ዛሬም ይሠራበታል። ቢሲጂ ማለት ብዙዎቻችን ጠባሳውን በክንዳችን የያዝነው የሕፃንነት ክትባት፥ ይኸውም ሕይወት ያለው ነገር ግን የተዳከመ ባክቴሪያ ነው።

ባክቴሪያ ዕጢን ለምን ይመርጣል? ጉና ተራራ ላይ የወጣ ሰው አየር እንደሚያጥረው፥ ፈጥኖ ያደገ ዕጢም መሐሉ ኦክሲጅን ያጥረዋል። በዚያ ሥፍራ የሰውነት ዘበኞች የሆኑት ሕዋሳት እንደ ልብ አይሠሩም፤ ያለ አየር መኖር የሚችል ባክቴሪያ ግን ይራባል።

ስለዚህ ሊቃውንቱ የባክቴሪያውን ዘር ለውጠው መድኃኒት ተሸካሚ አደረጉት። በ2019 በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የተሠራው ኢ. ኮላይ፥ በአይጥ ዕጢ ውስጥ ቁጥሩ ሲበዛ ራሱ ፈንድቶ መድኃኒቱን ያፈሳል፤ ዕጢውም ቀንሷል። ነገር ግን አይጥ ሰው አይደለም። በ2002 በወጣ ጥናት የተዳከመ ሳልሞኔላ ለ25 ሕሙማን ተሰጥቶ፥ ዕጢ ውስጥ የተገኘው በ3ቱ ብቻ ነው፤ የማንኛቸውም ዕጢ አልቀነሰም።

እንግዲህ እኛ ምን እናድርግ? አንደኛ፤ «መድኃኒቱ ተገኘ» ብለን ሕዝባችንን አናታል። ከፋርጣና ከእስቴ ገጠር የምትመጣ እናት በማኅፀን በር ካንሰር ታማ ዘግይታ ከደረሰች፥ የእኛ ወሬ አያድናትም። የዚህ ካንሰር ምክንያት ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ኤች.ፒ.ቪ. የተባለ ቫይረስ ነው። በአገራችን ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ለልጃገረዶች የሚሰጠው ክትባትና በጊዜ መመርመር ግን ዛሬ በእጃችን ያሉ ናቸው። ለዕረፍት ወደየቤታችን ስንሄድ ይህን እንንገር።

ሁለተኛ፤ ላቦራቶሪውን እንልመድ። ጋፋት ቅርባችን ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በፈረንጅ ባለሙያዎች እጅ ሴባስቶፖልን በዚያ አሠሩ፤ ሙያው ግን ከእርሳቸው በኋላ ሥር ሳይሰድ ቀረ። የዛሬውም ጥበብ እንደዚያ እንዳይሆንብን መምህሮቻችን ያስተምሩን፤ እኛም እንትጋ።