የአየር ጠባይና የቅመማ ቅመም ሻጋታ በአርሲ ደጋ
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



መሐንዲስ ስለ ሰብል በሽታ ሲናገር የሰው ማሳ ገብቶ የሚያርስ እንደሚመስል አውቃለሁ። ሆኖም በአሰላ ዙሪያና በጭላሎ ተራራ ግርጌ በነጭ ሽንኩርትና በአብሽ ላይ የሚደርሰውን ጉዳት ስመረምር፣ የሙቀት፣ የእርጥበትና የጊዜ ስሌት ሆኖ አገኘሁት፤ ይህም የእኛው ሥራ ነው።

የነጭ ሽንኩርት ዋግን እንመልከት። በነፋስ የሚጓዘው ደቂቅ ዘሩ ቅጠል ላይ ስላረፈ ብቻ በሽታ አይሆንም፤ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ቅዝቃዜ ለጥቂት ሰዓታት በእርጥበት የጠገበ አየር ይሻል። አሰላ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ በመስከረም ሌሊት ሰማዩ ሲጠራ ቅጠሉ ከአየሩ ይልቅ ይቀዘቅዝና ጤዛ ያዝላል። የዝናብ መለኪያችን ግን ባዶ ነው። አንድ አረጋዊ ገበሬ፣ «ልጄ፣ ዝናቡ ከቆመ ሰነበተ፤ ቅጠሉ ግን እስከ ረፋድ አይደርቅልኝም» ያሉኝ ይህንኑ ነው። በእጄ የነበረው ሠንጠረዥ ሚሊ ሜትር እንጂ ሰዓት አልነበረበትም፤ ማፈሬን አልደብቅም።

የአብሽ ነገር ይለያል። አመድ የተነሰነሰበት የሚያስመስለው ሻጋታ እርጥበት ያለው አየር ቢወድም፣ ቅጠል ላይ የሚቆም ውሃ ለዘሩ አይስማማውም፤ ብርቱ ዝናብም ያጥበዋል። እንግዲህ ዝናብ ሲበዛ ሻጋታ ሁሉ ይበዛል የሚባለው ስሕተት ነው።

ከሁለቱም የሚከፋው የነጭ ሽንኩርት ነጭ አበስብስ ነው። ጥቋቁር ፍሬዎቹ የሽንኩርት ሥርና ቀዝቃዛ እርጥብ አፈር እስኪያገኙ ድረስ መሬት ውስጥ 20 ዓመት ሊቆዩ ይችላሉ። ማጠንፈፊያ ቦይ መቅደድ ይጠቅማል፤ ነገር ግን ውሃው ወደ ታችኛው ጎረቤት ማሳ ከተለቀቀ በሽታውን አብሮ ያወርደዋል። እኔም ከዓመታት በፊት እንዲህ ያለች ቦይ ቀይሻለሁ።

ስንዴ ብዙ ጠባቂ አለው። በ2003 ዓ.ም. መኸር ቢጫ ዋግ ኩብሳና ገላማ የተባሉትን ዝርያዎች ሲያጠቃ፣ ቀደም ብሎ ገብቶ የረዘመው የበልግ ዝናብ ለበሽታው መንገድ እንደ ጠረገ ተመርምሮ ታውቋል። ለጓሮ ነጭ ሽንኩርት ይህን የሚቆጥርለት ጥቂት ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው መሣሪያ ቀላል ነው፤ በጠፍጣፋ ሰሌዳ ላይ ጎን ለጎን የተዘረጉ ሁለት የመዳብ ሽቦዎች፣ ባትሪና ሰዓት። ጤዛ ሲያርፍ በሽቦዎቹ መካከል ኤሌክትሪክ ያልፋል፤ ሲደርቅ ይቋረጣል፤ ቅጠሉ ስንት ሰዓት እንደ ረጠበ ይመዘገባል። አረጋዊው ገበሬ የመጀመሪያውን በጓሯቸው እንድተክል ፈቅደውልኛል።