በአንጎላችን ውስጥ ስላለው ሰዓት

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በተማሪዎች የተነበበ ንግግር)



በአምቦም ሆነ በጉደር፣ በጊንጪም ሆነ በጌዶ ሰዓት የሚቈጠረው ከፀሐይ መውጣት ጀምሮ ነው። ጎሕ ቀዶ ፀሐይ ብቅ ስትል አሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ ይሆናል፤ ከዚያም አንድ፣ ሁለት እያልን እንቀጥላለን። ዛሬ ልናስረዳችሁ የምንወደው አንጎላችንም እንደዚሁ ከንጋት ብርሃን እየተነሣ የሚቈጥር መሆኑን ነው።

ከዓይናችን በስተ ኋላ፣ ከሁለቱ ዓይኖች የሚመጡት ነርቮች ከሚገናኙበት ስፍራ በላይ፣ 20,000 ያህል ሕዋሳት ያሉት ትንሽ ክፍል አለ። የእንቅልፋችንንና የመንቃታችንን ጊዜ፣ የሰውነታችንም ሙቀት ከፍና ዝቅ የሚልበትን ሰዓት የሚመራው ይህ ክፍል ነው። ነገር ግን ብርሃን ሳያይ ብቻውን ቢተው አንዱን ቀን ከ24 ሰዓት ጥቂት አስበልጦ ይቈጥራል። ስለዚህ የማለዳ ብርሃን በየቀኑ ያርመዋል።

ሚሼል ሲፍር የተባለ ፈረንሳዊ በ1954 ዓ.ም. ክረምት ሰዓት ሳይዝ በአልፕስ ተራሮች ከሚገኝ ዋሻ ገብቶ ሁለት ወር ያህል ተቀመጠ። ሲወጣ በግምቱ የቈጠረው ቀን ከእውነተኛው በ25 ቀን አንሶ ተገኘ። ሆኖም መኝታውና መነሣቱ ሲመረመር በየ24 ሰዓት ተኩል ያህል ይመላለስ ነበር። ግምቱ ቢሳሳትም የውስጡ ሰዓት ሥራውን አላቋረጠም ማለት ነው።

ይህ ለእኛ ምን ይጠቅመናል? በጉርምስና ዕድሜ ይህ ሰዓት ይዘገያል። ስለዚህ ወላጆቻችን ሆይ፣ ልጃችሁን ማታ እንቅልፍ እምቢ ሲለው፣ ጧትም መነሣት ሲያቅተው፣ ሁልጊዜ ሰነፍ ነው አትበሉት። እኛም ተማሪዎች በዚህ አናመካኝ። በፈተና ሰሞን እስከ እኩለ ሌሊት በመብራትና በስልክ ላይ ማፍጠጥ ያንኑ ሰዓት ይብሱን ያዘገየዋል። አንጎል ያጠናነውን የሚያጸናው በእንቅልፍ ጊዜ ነውና፣ ከእንቅልፋችን የቀነስነው ከትምህርታችን የቀነስነው ነው።

ከገጠር ማልደው በእግራቸው የሚመጡ ጓደኞቻችን የንጋቱን ብርሃን በመንገድ ላይ ያገኙታል። በከተማ የምናድረውም ማታ መብራቱን ቀንሰን በጊዜ እንተኛ፤ ጧትም ከደጅ ወጥተን ፀሐይን እንቀበላት። አገራችን ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆኗ የንጋት ሰዓት በክረምትም በበጋም ብዙ አይለዋወጥም። ሰዓታችንን የሚያርምልን ብርሃን ያለ ዋጋ ከደጃችን ቀርቦልናል፤ እንጠቀምበት።