ሳይጠወልግ የሚደርስ ሥራ

(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ኮሚቴው በዘንድሮው ጉባኤ ላይ «ሥራና የሥራ ውጤት» በሚል ርእስ ጥቂት እንድንናገር ባዘዘን ጊዜ በመጀመሪያ የመጣብን ሐሳብ «ይህ ነገር ለሠራተኛ ማኅበር እንጂ ለቀብር ማኅበር ይሆናል ወይ?» የሚል ነበር። ዕድር የሚሰበሰበው ሥራውን ጨርሶ ላረፈ ሰው አይደለም እንዴ! ቆየት ብለን ስናስበው ግን፣ በዚህ ሠፈር ስለ ሥራ ከልብ እንነጋገር ከተባለ ከዕድር የተሻለ ቦታ አላገኘንም። እዚህ ነጋዴውም፣ አስተማሪውም፣ ሾፌሩም፣ ልብስ ሰፊውም፣ ጉልት የሚቸረችሩት እናትም፣ ጡረተኛውም አንድ ምንጣፍ ላይ ይቀመጣሉ። ዕድር እንበለው አፎሻ፣ በዚህ በኩል ሁሉም አንድ ነው።

ከከተማችን ስም እንጀምር። ዛሬ ጭሮ የምንላት ከተማ ለብዙ ዘመን አሰበ ተፈሪ ስትባል ኖራለች። ተፈሪ አሰበ ማለት ነው፤ እንግዲህ ከተማችን በስሟ ውስጥ ማሰብ ያለባት ከተማ ነበረች። ሐሳቡን መሬት ላይ ያዋሉት ሩሲያ አገር የተማሩት ፊታውራሪ ተክለሐዋርያት ተክለማርያም ናቸው። በ1910ዎቹ ዓ.ም. ጨርጨርን ሲያስተዳድሩ፣ ለሌላው ግዛት ምሳሌ የሚሆን አስተዳደር እናቆማለን ብለው የተነሡ ሰው ነበሩ፤ ከተማዋንም ቆረቆሩ። በአገራችን የመጀመሪያውን ቴአትር የደረሱት እሳቸው ናቸው፤ የ1923 ዓ.ም.ን ሕገ መንግሥት ያረቀቁትም እሳቸው ናቸው፤ ጣሊያን ሊወረን በተነሣ ጊዜም ጄኔቭ ላይ ቆመው ስለ አገራቸው ተከራክረዋል። ከዚያ ሁሉ ሹመት በኋላ ደግሞ እዚሁ ቅርባችን ሂርና ላይ አርሰው ኖረዋል። ለመሆኑ ከዚህ ሁሉ የትኛው ነው «ተሳካላቸው» የሚያሰኘው? ሹመቱ ነው ወይስ እርሻው? እኛ በበኩላችን መልሱን ለማግኘት ከሂርና ገበሬ ደጃፍ መቆም ይሻላል እንላለን።

የሐረርጌ ሰንጋ በአዲስ አበባ ሥጋ ቤቶች ሳይቀር ስሙ የታወቀ ነው። ይህን ሰንጋ የሚያደልበው ሰው ግን ሰፊ ግጦሽ ያለው ባለጸጋ እንዳይመስላችሁ። መሬቱ ጥቂት ነው፤ ያውም ብዙው ተዳፋት። በሬውን የሚለቅበት መስክ የለውም። ታዲያ ምን ያደርጋል? ማሽላውንና በቆሎውን ለእህል ከሚያስፈልገው በላይ አጥብቆ ይዘራል። ቡቃያው ከፍ ሲል የበዛውን እየነቀለ ያሳሳዋል፤ የተነቀለው ለበሬው ይሆናል። ቀጥሎ የበቆሎውን የታች ቅጠል ይሸመጥጣል፣ አረሙን ይሰበስባል፣ የስኳር ድንቹን ሐረግ ይቆርጣል። አጨዳው ካለፈ ደግሞ አገዳው አለ። በሬው ከቤቱ አጠገብ እንደ ታሰረ መኖው ይቀርብለታል፤ ጠቅልለው በእጅ እስከ ማጉረስ ድረስ ይንከባከቡታል። የዚህን ሥራ ብዙውን ክፍል የሚሠሩት እናቶችና ልጆች መሆናቸውን ሳንናገር ብናልፍ ግፍ ይሆንብናል።

በሬው አስቀድሞ አርሷል። ታስሮ ሲቀለብ ፍግ ሰጥቷል፤ ፍጉም ወደ ቡናውና ወደ ጫቱ ማሳ ተመልሷል። በመጨረሻ ተሸጦ ለቤቱ ቆርቆሮ፣ ለልጆቹ ደብተር ገዝቷል፤ ከገንዘቡም ላይ ሌላ ወይፈን ተገዝቶ በዚያው ገመድ ታስሯል። ከአንድ ማሳ እህልም መኖም፣ ከአንድ በሬ ጉልበትም ገንዘብም ማውጣት ይሏችኋል ይህ ነው። ከአንድ ሊቅ ጭንቅላት የወጣ ፈጠራ አይደለም፤ ቦታ ያጣ ሰው፣ ጎረቤቱን እያየ፣ ልጅ ከአባት እየወሰደ ያቆመው ዘዴ ነው። እኛ የከተማ ሰዎች «አዲስ ፈጠራ» ሲባል ወዲያው የምናስበው ከውጭ አገር የሚመጣ መኪና ነው። እዚህ ግን ፈጠራው የሚጣለውን ቡቃያ ደግሞ ማየት ነው። በርጫ ላይ የተረፈውን ገራባ ለፍየል የሚሰጥ ሰውም ከዚሁ ትምህርት ቤት የወጣ ነው።

ጃፓኖች ይህን የመሰለውን አሠራር ካይዘን ብለው ሰይመውታል፤ መሻሻል ማለት ነው። ብክነቱን ሙዳ ይሉታል። በአገራችንም በ2004 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ከተቋቋመ ወዲህ «ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት» የሚለው ጽሑፍ በብዙ መሥሪያ ቤትና ፋብሪካ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። ነገሩ መልካም ነው፤ አንነቅፈውም። የቸገረን ግድግዳውን አንብበን ጠረጴዛው ላይ ያለውን ሳናይ መቅረታችን ነው።

ስለ ጫት ሳንናገር ከዚህ መድረክ ብንወርድ «ፈሩ» ትሉናላችሁ። ጎጂ ነው ጠቃሚ ነው የሚለውን ክርክር ለዛሬ እንተወው። ግማሻችን የምንተዳደርበት፣ ግማሻችን የምንማረርበት ነገር ነው፤ ሁለቱንም የሆንን አንጠፋም። ለዛሬው ጉዳያችን የሚረዳን አንድ ጠባዩ ብቻ ነው፤ ይኸውም ይጠወልጋል። ከተቆረጠ ሁለት ቀን ገደማ ካለፈው ኃይሉ ይሄዳል፣ የሚገዛውም የለም። ስለዚህ ቆራጩ፣ መራጩ፣ አሳሪው፣ ጫኙና ሾፌሩ አንዱ ለአንዱ «ነገ ተመለስ» አይባባሉም። እዚህ ማሳ ላይ የነበረ ቅጠል ድሬዳዋ፣ አዲስ አበባ፣ ጅቡቲና ሶማሌላንድ ሳይደርቅ ይገባል። እኛ ሐበሾች ሰዓት አናከብርም እየተባልን ስንታማ ኖረናል። ውሸት ነው አቦ! ዕቃው የሚጠወልግ መሆኑን ካወቅን ደቂቃ እናከብራለን።

ስንል ግን ጥድፊያን እናመስግን ማለታችን አይደለም። በዚህ ጥድፊያ የተነሣ በየመንገዱ የቀሩትን ልጆች የቀበርነው እኛው ነን፤ ዕድር ይህን ከማንም ይበልጥ ያውቃል። የምንጠይቀው ሌላ ነው። ለጫት እንዲህ የነቃ ሰው፣ በመሥሪያ ቤቱ ሲቀመጥ፣ ከቀትር በኋላም ወደ በርጫው ሲያመራ፣ የሰው ጉዳይ የማይጠወልግ ለምን ይመስለዋል?

ከአባሎቻችን አንዱ ባረፉ ጊዜ ባለቤታቸው የጡረታ ወረቀት ለማስጨረስ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ዘጠኝ ጊዜ ተመላልሰዋል። ስሙን አንጠራም። እኛም ሁለት ጊዜ አብረናቸው ሄደናል። ሠራተኞቹ ሰነፎች አልነበሩም፤ ይህን ልብ በሉልን። ጠረጴዛቸው ወረቀት ሞልቶበታል፣ አንገታቸውን ቀና አያደርጉም። አንዱ ይመዘግባል፣ ሌላው ያመሳክራል፣ ሦስተኛው «ማኅተሙን የያዘው ስብሰባ ላይ ነው» ይላል። ሁሉም ሲሠራ ውሎ ማታ ደክሞት ወደ ቤቱ ይገባል። እናታችን ግን በመጡበት ሁኔታ ይመለሳሉ። አንድ ቀን ፎቶግራፍ ጎደለ ይባላሉ፤ ፎቶግራፉን ይዘው ሲመጡ የልጆቹ የልደት ማስረጃ ይጠየቃሉ፤ እሱን ሲያመጡ ምስክር የሚሆኑ ሰዎች ይፈለጋሉ። በዚህ መካከል ሱቁ ዱቤ ከለከላቸው፤ ትልቋ ልጅም ትምህርቷን አቋርጣ ሰው ቤት ልትቀጠር ደርሳ ነበር።

በስድስተኛው ቀን አንድ ወጣት ሠራተኛ ከወንበሩ ተነሣና፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚያስፈልገውን ሁሉ በአንድ ገጽ ወረቀት ላይ በቁጥር ጽፎ ሰጣቸው። የትኛው ከየት እንደሚመጣ፣ የትኛው ቅድሚያ እንዳለው ሳይቀር ነበረበት። ከዚያ በኋላ ሦስት ጊዜ ብቻ ሄደው ጉዳያቸው አለቀ። ወጣቱ ለዚህ የፈጀበት ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው። ማንም አልሸለመውም፤ ምናልባትም በዚያ ግማሽ ሰዓት ከፊቱ የተከመረው ወረቀት ስላልቀነሰ በዕለቱ ሥራ የፈታ ተብሎ ተቆጥሮ ይሆናል። ያችን ወረቀት እኛ አባዝተን በዕድራችን መዝገብ ውስጥ አስቀምጠናታል። ከዚያ ወዲህ ሐዘን የደረሰባቸው ሁለት ቤተሰቦች ተጠቅመውባት፣ አንደኛው በሦስት ሌላው በሁለት ምልልስ ጨርሰዋል። ወረቀቷን የሚፈልግ ጸሐፊውን ይጠይቅ፤ ሐዘን እስኪመጣ መጠበቅም አያስፈልግም።

ሌላው ማንሣት ያለብን ነገር የቅጣቱ ጉዳይ ነው። ከቀብር የቀረ አባል እንደሚቀጣ ደንባችን ያዝዛል። ቅጣቱ የተደነገገው ሰው አፍሮ እንዲመጣ ነበር። አሁን ግን ሥራ በዝቶልኛል የሚል አባል ገንዘብ ያዡን መንገድ ላይ አስቁሞ «የሚመጣውንም ጭምር ያዝልኝ» ብሎ አስቀድሞ መክፈል ጀምሯል። ሳቃችሁ፤ እኛም ስቀን ነበር። በኋላ ግን አሳቀቀን። ቅጣቱ ዋጋ ሆነ ማለት ነው። ሰውየው እንደ ጊዜው አነጋገር ተሳክቶለታል፣ ስልኩ አያርፍም፣ ዕረፍት የለውም፤ ጎረቤቱን ለመቅበር ግን ጊዜ የለውም። በአሜሪካና በአውሮፓ ሥራ በሥራ ላይ ደርበው የሚኖሩ ወገኖቻችን እንኳ እዚያው ዕድር ያቋቋሙት ለምን ይመስላችኋል?

ሆኖም ሁሉን በአንድ ሚዛን መመዘን አይገባም። የቀን ሠራተኛው ከቀብር ሲውል የዚያን ዕለት እንጀራ ያጣል። ሾፌሩ ጭነት ይዞ መንገድ ላይ ነው። ለእነዚህ ወንድሞች ቅጣቱ ቅጣት ነው፤ ለባለገንዘቡ ግን የሻይ ዋጋ ነው። ስለዚህ ለኮሚቴው ያቀረብነው ሐሳብ፣ ቀን መምጣት ያልቻለ አባል ማታ መጥቶ ከሐዘንተኛው ጋር ቢያድር ወይም በማግሥቱ ጎሕ ሲቀድ ድንኳን ቢነቅል እንደ ተገኘ ይቆጠርለት የሚል ነው። አስቀድሞ የተከፈለው ገንዘብ ደግሞ ይመለስ። ውሳኔው የጉባኤው ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ጥፋት እንመለስ፤ የሰውን ጓዳ ስናይ ቆይተናልና።

ባለፈው ክረምት አንዲት እናታችን ባረፉ ጊዜ የዕድሩ ድንኳን የተተከለው ለቀስተኛው ከቀብር ከተመለሰ በኋላ ነው። ዝናብ ይዘንብ ነበር። ጥሩምባው በጊዜው ተነፍቷል፤ ሃያ የሚሆኑ ጎልማሶችም በዕቃ ቤቱ በር ላይ ቆመው ነበር። ሰው ነበር፣ ጉልበት ነበር፣ ፈቃድ ነበር፤ ቁልፍ አልነበረም። ያለው ቁልፍ አንድ ሲሆን ያዡ በሥራ ምክንያት በደሳ ሄዶ ነበር። ተደውሎለት ሥራውን ጥሎ መጣ፤ ግን መንገድ መንገድ ነው። ሃያ ሰው ጣራ ጥግ ቆሞ ዋለ፤ ሐዘንተኞቹ ደግሞ እናታቸውን ቀብረው በዝናብ ተመልሰው ግቢያቸው ውስጥ ቆሙ። ልጆቹ አንድም ቃል አልተናገሩንም። ዝምታቸው ነው የከበደን።

ቁልፍ ያዡን ልንወቅስ ያማረን ነበርን። ነገር ግን እሱ ምን አደረገ? አንድ ቁልፍ ብቻ እንዲኖር የፈቀድነው፣ ያዡም የኮሚቴ አባል ብቻ እንዲሆን በደንባችን የጻፍነው እኛው ነን። የኮሚቴ አባል ማለት ደግሞ በአብዛኛው ሥራ የበዛበት፣ ከቤት የማይገኝ ሰው ነው። ሁለተኛ ቁልፍ ይቀረጽ ስንል «ዕቃ ቢጠፋ ተጠያቂው ማን ነው?» ተባለ። ደንብ ይሻሻል ስንል ምልዓተ ጉባኤ አልሞላም። አንዲት ቁልፍ ለማስቀረጽ ሦስት ስብሰባ ፈጀብን፤ ቁልፍ ሠሪው ግን ሻይ ሳይጠጣ ሠርቶ ሰጠን። ያን መሥሪያ ቤት ስናማ የቆየን ሰዎች ነን እንግዲህ!

ሁለተኛዋ ቁልፍ ዛሬ ያለችው ኮሚቴ ውስጥ ከሌሉ፣ ነገር ግን ዳቦ ስለሚጋግሩ ከቤታቸው ከማይጠፉ፣ ከዕቃ ቤቱ ማዶ ከሚኖሩት እናታችን ዘንድ ነው። በራቸውም ላይ ደብተር ተንጠልጥሏል፤ የወሰደ ይፈርማል፣ የመለሰ ይሰርዛል። ከዚያ ወዲህ በደረሱት ሐዘኖች ሁሉ ድንኳኑ ሬሳው ከቤት ሳይወጣ ቆሟል።

ደብተሩን ትናንት ማታ አይተነዋል። ሁለት ትልልቅ ድስቶችና አንድ የውኃ በርሜል ተፈርሞባቸው ወጥተው እስከ ዛሬ አልተሰረዙም። የወሰዳችሁት እዚሁ አላችሁ፤ ስም አንጠራም። እናታችን ሊጥ ለማቡካት ከሌሊቱ በአሥር ሰዓት ይነሣሉና ሰው እንዳያየን ብላችሁ ብትመጡም በሩ ይከፈትላችኋል።